ቲቲሲ ተቀብቻለሁ፤ ልጄን ይጎዳብኝ ይሆን?

የአንባቢዎች ጥያቄ፣ የፋርማሲስቷ መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አሉ? የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ የመጀመሪያዬ ነው። ከሰዓት በኋላ ደጅ ላይ ሳምቡሳ እየጠበስኩ እሸጣለሁ። ባለፈው ሳምንት ዘይቱ ፈንጥቆ ግራ ክንዴን አቃጠለኝ። የተቃጠለው መዳፌን የሚያክል ቦታ ነው። ውሃ ቋጠረ፣ ከዚያ ፈነዳ። ጎረቤቴ ቲቲሲ፣ የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት፣ ሰጠችኝና ለጥቂት ቀን ተቀባሁ። ሌላዋ ደግሞ እዚሁ ድሬ ካለው ታይዋን ገበያ የገዛችውን ቅባት አመጣችልኝ፤ "ይሄ ለሁሉም ነው" አለችኝ። እሱንም ተቀባሁ። ከዚያ አዲስ አበባ ያለችው የባሌ እህት ስትሰማ በስልክ ጮኸችብኝ። "ቴትራሳይክሊን የልጅ ጥርስ ያበላሻል፣ አጥንት ያቀጭጫል" አለችኝ። ስልኬ ላይ ብፈልግ እውነትም "ምድብ ዲ" ይላል። አቦ፣ እንቅልፍ አጣሁ! ሁሉንም ትቼ ቁስሉን በጨርቅ ሸፍኜ ተቀምጫለሁ። አሁን ቢጫ ፈሳሽ አለው፣ ትንሽም ይሸታል። ልጄን ጎድቼው ይሆን? ከእንግዲህስ ምን ልቀባ?

መልስ፦ የኔ እህት፣ ስለ ልጅሽ የምሰጥሽ መልስ ጥሩ ነው። ግን በቅድሚያ ስለ ክንድሽ እናውራ። ቁስሉ ቢጫ ፈሳሽ ካለውና ከሸተተ አመርቅዟል ማለት ነው። ይህን እንዳነበብሽ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ነገ አትበይ። ዙሪያው እየቀላ ከሰፋ፣ ቀይ መስመር ወደ ብብትሽ ከወጣ፣ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካለሽ ደግሞ በቀጥታ ሆስፒታል ነው። በእርግዝና ጊዜ ከቅባቱ ይልቅ ችላ የተባለ ኢንፌክሽን ይበልጥ ያስፈራኛል። ትኩሳቱም፣ ወደ ደም የሚገባው ጀርምም እናትንም ጽንስንም ይጎዳል።

አሁን ወደ ቲቲሲው። የባልሽ እህት የነገረችሽ ከሜዳ የመጣ ወሬ አይደለም። ቴትራሳይክሊን ሲዋጥ በደም አድርጎ፣ የእንግዴ ልጁን አልፎ ጽንሱ ጋ ይደርሳል። ከካልሲየም ጋር ይጣበቃል። የሕፃኑ የወተት ጥርሶች መጠንከር የሚጀምሩት ከአራተኛው ወር አካባቢ ነው። እናትየው ከዚያ በኋላ ክኒኑን ስትወስድ መድኃኒቱ ከጥርሱ ጋር አብሮ ይገነባል። ጥርሱ ሲበቅል ቢጫ ወይም ቡናማ ሆኖ ይወጣል፤ የአጥንት እድገትንም ሊያዘገይ ይችላል። ስለዚህ ቴትራሳይክሊንም ሆነ ዘመዱ ዶክሲሳይክሊን ለነፍሰ ጡር አይዋጥም። እሷ እዚህ ድረስ ልክ ናት።

አንቺ ግን አልዋጥሽም። እስኪ አብረን እናስላው። የቲቲሲ የዓይን ቅባት 1 በመቶ ነው፣ ቲዩቡ ደግሞ 5 ግራም ይይዛል። እንግዲህ በሙሉው ቲዩብ ውስጥ ያለው ቴትራሳይክሊን 50 ሚሊ ግራም ነው። አንዱ ካፕሱል ግን 250 ሚሊ ግራም ነው። ሰው ታሞ ሲታዘዝለት በቀን አራት ጊዜ ይውጠዋል፤ 1000 ሚሊ ግራም በአንድ ቀን። ቲዩቡን እስከ መጨረሻው ጨርሰሽው፣ አንድም ሳይቀር ደምሽ ውስጥ ገባ እንበል። የማይሆን ነገር ነው፤ ግን ቢሆን እንኳ የአንድ ካፕሱል አምስተኛ ነው። በእውኑ ከቅባት ወደ ደም የሚያልፈው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። የተላጠ ቁስል ከጤናማ ቆዳ የበለጠ እንደሚያስገባ አልክድም። ሆኖም ለጥቂት ቀን መዳፍ በሚያክል ቦታ ላይ የተቀባሽው የልጅሽን ጥርስ የሚያበላሽ መጠን አይደለም። አስቢው፣ ይኸው ቲቲሲ አይደል አዲስ የተወለደ ሕፃን ዓይን ላይ የሚደረገው? ለትራኮማ አዚትሮማይሲን በሚታደልባቸው ዘመቻዎችም በብዙ ቦታ ለነፍሰ ጡሮች በክኒኑ ፋንታ የሚሰጣቸው ይኸው የዓይን ቅባት ነው።

ስልክሽ ላይ ያየሽው "ምድብ ዲ" ከአሜሪካ የመጣ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መድኃኒቶችን በእርግዝና ጊዜ በኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እና ኤክስ ይመድብ ነበር። ሐኪሙም በሽተኛውም ፊደሎቹን እንደ ፈተና ውጤት ያነባቸው ጀመር። ምን ያህል መጠን? በአፍ ነው በቆዳ? በስንተኛው ወር? ፊደሉ ይህን አይናገርም። በዚህ ምክንያት ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዲስ የመድኃኒት መግለጫዎች ላይ ፊደሎቹ ቀርተው ማብራሪያ እንዲጻፍ ተደረገ። ኢንተርኔት ላይ ግን ፊደሎቹ ዛሬም አሉ፣ እንዳንቺ ያሉ እናቶችን እንቅልፍ ይነሳሉ። ያ "ዲ" የተሰጠው ለሚዋጠው ነው።

አሁን እኔን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። "ይሄ ለሁሉም ነው" የተባለው ቅባት። ስሙን አልጻፍሽልኝም፣ ግን ዓይነቱን አውቀዋለሁ። ከፋርማሲው መስኮት ፊት ለፊት ቆሜ በየቀኑ በፌስታል ተጠቅልሎ ይመጣልኛል። ከጅቡቲና ከሶማሌላንድ በኩል የሚገባ አለ፣ አንዳንዱ በዓረብኛ ወይም በፈረንሳይኛ የተጻፈበት ነው። ካርቶኑን ገልብጪና ከትልቁ የንግድ ስም ሥር በደቃቁ የተጻፈውን አንብቢ። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት መድኃኒት በአንድ ላይ ታገኛለሽ። ለባክቴሪያ ጀንታማይሲን ወይም ኒኦማይሲን። ለፈንገስ ክሎትሪማዞል ወይም ሚኮናዞል። ከእነሱ ጋር ደግሞ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል። እነዚህ ሁለቱ ስቴሮይድ ናቸው፤ ክሎቤታሶል በተለይ ከሁሉም ኃይለኛ ከሚባሉት ውስጥ ነው።

ስቴሮይድ መቅላትንና ማሳከክን ወዲያው ያበርዳል። "ተአምር ነው" የሚባለውም ለዚህ ነው። ያመረቀዘ ቁስል ላይ ሲቀባ ግን እሳቱን ሳያጠፉ ጭሱን መሸፈን ነው። ቁስሉ ከላይ ጸጥ ይላል፣ ከሥር ጀርሙ ይራባል፣ ቆዳው ለመዳን ይዘገያል። በእርግዝና ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ኃይለኛ የስቴሮይድ ቅባት በእርግዝናቸው ዘመን በጠቅላላው ከ300 ግራም በላይ የተጠቀሙ እናቶች ልጆች ክብደታቸው አንሶ የመወለድ ዕድላቸው ከፍ እንደሚል በጥናት ታይቷል። የ15 ግራም ቲዩብ ከሆነ ሃያ ቲዩብ ማለት ነው። አንቺ የተቀባሽው ከዚህ ጋር አይወዳደርም፤ ስለዚህ አትደንግጪ። ግን ለቃጠሎሽ የማይሆን መድኃኒት ነው። ዳግም አትቀቢው፣ ለጎረቤትሽም መልሰሽ አትስጪ።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። በየሰፈሩ የቴትራሳይክሊን ወይም የአምፒሲሊን ካፕሱል ተከፍቶ ዱቄቱ ቁስል ላይ ሲነሰነስ አያለሁ። እባካችሁ፣ እባካችሁ ተዉት። ከላይ እንዳሰላነው አንዱ ካፕሱል የአምስት ቲዩብ ቲቲሲ ያህል ነው። ዱቄቱ ለቁስል ተብሎ አልተሠራም፣ ከጀርም የጸዳም አይደለም። ከቁስሉ ፈሳሽ ጋር ሆኖ ይደርቅና ቅርፊት ይሠራል፣ መግሉ ከሥሩ ይታፈናል። የቡና ዱቄትና ኮልጌትም እንዲሁ ናቸው።

"ታዲያ ምን ልቀባ?" ላልሽው፦ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ቁስሉ ከታየ በኋላ በእርግዝና ጊዜ ያለ ብዙ ስጋት የምንሰጣቸው አሉ። አንዱ ሙፒሮሲን ነው። በጤናማ ቆዳ አልፎ ደም የሚደርሰው ከ1 በመቶ በታች ነው፤ የደረሰውንም ሰውነት ቶሎ ይሰባብረዋል። ለቆዳ ቁስል ዋና ጠላት የሆነውን ስታፍ የሚባለውን ባክቴሪያ በደንብ ይመታል። ሁለተኛው ፉሲዲክ አሲድ ነው፤ እሱም በትንሽ ቦታ ላይ ችግር የለውም። ባሲትራሲንና ፖሊሚክሲን አንድ ላይ የሆኑበት ቅባትም ወደ ደም የሚገባው እዚህ ግባ አይባልም።

ኒኦማይሲን ላይ ግን ቆም እላለሁ። በትንሽ ጭረት ላይ ለጥቂት ቀን ቢደረግ ልጁን ይጎዳል ብዬ አይደለም። ዘመዱ ስትሬፕቶማይሲን በመርፌ ለነፍሰ ጡር ሲሰጥ የሕፃኑን ጆሮ ሊጎዳ ስለሚችል፣ ኒኦማይሲንን በሰፊ የተላጠ ቃጠሎ ላይ መቀባት አልወድም። ከዚያም በላይ ብዙ ሰው ቆዳው ለኒኦማይሲን አለርጂ ይሆናል። ቁስሉ ይቀላል፣ ያሳክካል፤ ሰውየው "ብሶበታል" ብሎ ይጨምርበታል። ሌላ አማራጭ እያለ ለምን?

ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ ወይም ኢንፌክሽኑ ከሰፋ ሐኪሙ የሚዋጥ ያዝዝልሽ ይሆናል። ክሎክሳሲሊን፣ አሞክሲሲሊን፣ ሴፋሌክሲን ለነፍሰ ጡሮች ለረጅም ዘመን ሲሰጡ የኖሩ ናቸው። ለፔኒሲሊን አለርጂ ከሌለሽ ሳትፈሪ ውሰጂ፤ በግማሽም አታቋርጪ።

ቁስሉ ንጹህ ሲሆን ደግሞ አንቲባዮቲክም ላያስፈልግሽ ይችላል። በ1996 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣ ጥናት አለ። ቀላል የቆዳ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ከ900 በላይ ሰዎች ለሁለት ከፍለው፣ ለግማሹ ባሲትራሲን፣ ለግማሹ ተራ ነጭ ቫዝሊን ቁስላቸው ላይ ቀቡ። በሁለቱም ወገን ያመረቀዘባቸው ጥቂት ነበሩ፣ ልዩነታቸውም የሚቆጠር አልነበረም። በባሲትራሲኑ በኩል አለርጂ የያዛቸው ተገኙ፤ በቫዝሊኑ በኩል ማንም። ንጹህ ትንሽ ጭረት ይዛ ለመጣች ነፍሰ ጡር አዲስ የቫዝሊን ቆርቆሮ የምሰጣት ለዚህ ነው። ሽታ የሌለው፣ ተራው ቫዝሊን። ብዙዎቹ ቅር እያላቸው ይሄዳሉ፤ መድኃኒት የከለከልኳቸው ይመስላቸዋል።

ክንድሽን በውሃና በለስላሳ ሳሙና ቀስ አድርገሽ እጠቢው። የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ዝቃጭ ቢያስቀምጥም የሚጠጣ እስከሆነ ድረስ ቁስል ለማጠብ ይሆናል። በንጹህ ጎዝ አድርቂ። የታዘዘልሽን ቅባት እጅሽን ታጥበሽ በስሱ ቀቢ፤ ማወፈሩ አያፈጥነውም። በጎዝ ሸፍኚው፣ ጎዙን በየቀኑ ቀይሪ። በሦስት አራት ቀን መሻሻል ከሌለ ተመለሺ። ሙፒሮሲን ከ10 ቀን በላይ አይቀባም፣ ጀርሙ ይለምደዋል። ቅባትሽን ደግሞ ከዚህ ሙቀት አድኚው። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መስኮት ላይ የሚቀመጥ ቲዩብ ይቀልጣል፣ ዘይቱ ለብቻ ይወጣል። በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ እንስራ አጠገብ ወይም ፍሪጅ በር ላይ ይሁን። የተከፈተ የዓይን ቅባት ከአራት ሳምንት በኋላ ይጣላል። ጎረቤትሽ የሰጠችሽ መቼ እንደተከፈተ ታውቂያለሽ?

ደግሞ ጤና ጣቢያ ስትሄጂ የክትትል ካርድሽን ያዢ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መውሰድሽን ያዩልሻል፤ ካልወሰድሽ እዚያው ተከተቢ። ቃጠሎ ለቴታነስ በር ይከፍታል፣ ክትባቱ ደግሞ አንቺንም የሚወለደውንም ይጠብቃል።

መጥበሱን እንደማታቆሚ አውቃለሁ፤ እንጀራሽ ነው። ዘይት ከፈነጠቀብሽ መጀመሪያ ውሃ ነው። ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ አፍስሺበት፤ ውሃ በጠፋበት ቀን ከጀሪካን በጣሳ እየቀዳሽ። በረዶ አታድርጊ፣ የቋጠረውንም አታፍርጪ። ጀሪካኑን ከምድጃው አጠገብ አስቀምጪው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ከሐረር፣ ከጁገል ነኝ። ሴት ልጄ በዘጠነኛ ወሯ ላይ ናት። ሆጃ ስታፈላ እግሯ ላይ ፈሰሰባት። አንድ ክሊኒክ ነጭ የቃጠሎ ክሬም ሰጧት፣ ሲልቨር ሰልፋዲያዚን ይላል። ሁለት ቀን ተቀባች። እኔ ማር ወይም ቅቤ ይሻላል ባይ ነኝ። ምን ትያለሽ?

መልስ፦ እናቴ፣ እግዚአብሔር ልጅዎን በሰላም ያገላግልልዎት። ክሬሙ ለቃጠሎ በዓለም ላይ በሰፊው የሚታወቅ ነው። ጥያቄው ጊዜው ላይ ነው። በውስጡ ሰልፋ አለ፣ ከተቃጠለ ቆዳም ወደ ደም ይገባል። ሕፃን ሲወለድ ጉበቱ ገና ስላልጠነከረ ቢጫ የሚያደርገውን ቢሊሩቢን ቶሎ አያስወግድም። ሰልፋ ደግሞ ያንን ቢሊሩቢን ከተያዘበት ፕሮቲን ያላቅቀዋል፤ ሲበዛ ወደ ሕፃኑ አንጎል ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ለመውለድ ለተቃረበች ሴትና ከሁለት ወር በታች ላለ ሕፃን አንሰጠውም። በአምስተኛ ወሯ ላይ ብትሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ነበር።

ሁለት ቀን በመቀባቷ አይጨነቁ። ዛሬ ግን ታቁምና ወደሰጧት ሰዎች ተመልሳ "ልወልድ ነው" ብላ በቫዝሊን ጎዝ ወይም በባሲትራሲን እንዲቀይሩላት ትጠይቅ። ቃጠሎው ከነጣቶቿ ከመዳፏ ከሰፋ፣ ወይም ቁርጭምጭሚቷን ዞሮ ከያዘ ክሊኒክ አይበቃም፤ ሆስፒታል ይውሰዷት። ስትወልድ ለአዋላጇ ክሬሙን እንደተቀባች ይንገሩ። የሕፃኑ ዓይን ወይም ቆዳ ቢጫ ከሆነ፣ በተለይ በመጀመሪያው ቀን፣ ጊዜ ሳይሰጡ ያሳዩ። በዚሁ በመጨረሻው ወር ክሎራምፌኒኮል ያለበት የዓይን ቅባትም ባትቀባ እመርጣለሁ።

ማሩን አልንቅብዎትም። ለሕክምና ተብሎ የጸዳ ማር ቀላል ቃጠሎን ቶሎ እንደሚያድን በጥናት ታይቷል። የገበያው ማር ግን አልጸዳም። ቅቤውን ለፀጉሯ ያድርጉላት።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው የምኖረው። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ፊቴን ማድያት ወረሰው። ጓደኛዬ ሃይድሮኪኖን ያለበት ማጥሪያ ክሬም ሰጠችኝ፤ ሌላም በነጭ ማሰሮ የተሞላ፣ ስም የሌለው ማጥሪያ አለኝ። ቅባት ስለሆነ ችግር የለውም አይደል?

መልስ፦ እህቴ፣ ይሄኛው ችግር አለው። ከላይ ለሳቢያኗ እህታችን "ቅባት ወደ ደም ብዙም አይገባም" ያልኩት ለአንቺ አይሠራም፤ እያንዳንዱ መድኃኒት ለብቻው ነው። ሃይድሮኪኖን ከሚቀባው ውስጥ ከሦስት አንድ እጅ በላይ ወደ ደም ይገባል። ስለዚህ እስክትወልጂ ይቆይ። ትሬቲኖይን ያለበትንም አቁሚ። ስም የሌለው ማሰሮ ደግሞ ዛሬ ከቤትሽ ይውጣ። በእንደነዚህ ያሉ ማጥሪያዎች ውስጥ ሜርኩሪ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ሜርኩሪ የእናትን ኩላሊት ይጎዳል፣ ወደ ጽንሱ አንጎልም ይደርሳል።

የእርግዝና ማድያት አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ በወራት ውስጥ እየደበዘዘ ይሄዳል። እስከዚያ ዋናው ነገር ፀሐይ ነው፤ የድሬን ፀሐይ አንቺው ታውቂያታለሽ። ሰፊ ባርኔጣ ወይም ሻሽ አድርጊ፣ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት የፀሐይ መከላከያ ጠዋት ተቀቢና ቀትር ላይ ድገሚው። የሚቀባ መድኃኒት ካሻሽ አዜላይክ አሲድ በእርግዝና ይፈቀዳል። ማሰሮውን ለረጅም ጊዜ ተጠቅመሽበት ከነበረ ከመጣልሽ በፊት ፎቶ አንሺውና ለክትትል ስትሄጂ ለሐኪምሽ አሳዪው፤ ሽንትሽን መርምረው ኩላሊትሽን ማየት ይፈልጋሉ።